ልቤ ምንም አልነገረኝም

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ሳሚ፣ ተነስ፣ ውሃ መጥቷል። ባልዲዎቹን እኔ ሞልቻለሁ። በርሜሉ ያንተ ተራ ነው። ባለፈውም እኔ ነኝ የሞላሁት፤ አውቀህ ነው የምትተኛው። ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰክቼልሃለሁ፣ መያዝ ብቻ ነው የሚቀርህ። ካልተነሳህ ውሃው ይሄዳል፤ ከዚያ በጀሪካን ከታች እያመላለስን ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ እንዴት እንደሆነ ደግሞ አንተ ራስህ ታውቀዋለህ።

ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። አክስቴ ከኩሽና ብቅ አለች፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ። ጎማውን ከእጄ ወስዳ በርሜሉን ራሷ ሞላችው።

ባለፈው ሐሙስ ቀበርንህ።

ት/ቤት ያሉት አማካሪ መምህርት የዕለት ማስታወሻ ጻፍ አሉኝ። ለማን ብዬ ጠየቅኳቸው። ለራስህ አሉ። ራሴ ያለውን ራሴ ያውቀዋል፣ ምን ብዬ እጽፍለታለሁ? ስለዚህ ደብተሩ አንተ ነህ። አትሳቅ።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ድንኳኑ ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ተነሳ። የእድሩ ወንበሮች ተጭነው ሄዱ። ሰው ግን አሁንም ይመጣል። አልጋችን ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ አንተ በምትተኛበት በኩል።

ሁሉም ልቡ ነግሮታል። በዚህ ሰፈር ልቡ ያልነገረው የለም። ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን አራስ ከጠዋት ጀምሮ ደረቷን ሲጫናት ዋለ። አክስቴ ሞጆ ቤቷ ሆና ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። የባለሱቁ የግራ ዓይን ተርገበገበ። የእድሩ ሰብሳቢ የጋሽ ደረጀ ውሻ ሲያላዝን ዋለ። ውሻ እንኳን!

ከዚያ ወደ እኔ ይዞራሉ። አንተስ ዳዊትዬ? ከወንድምህ ጋር አንድ አልጋ ላይ የምታድረው? ዝም እላለሁ። ዝምታዬን እንደ አዎ ይቆጥሩታል። “አየሽ፣ ነግሮታል” ትላለች አንዷ ለሌላዋ።

አልነገረኝም።

ፎርማንህ የወደቅከው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው ብለዋል። ሜክሲኮ፣ አዲሱ ሕንጻ፣ ስድስተኛ ፎቅ፤ የመስኮት አልሙኒየም እየገጠምክ። በዚያ ሰዓት እኔ የት ነበርኩ? የከሰዓቱ መምህር ስለቀሩ ከቢኒ ጋር ተክለ ሃይማኖት ጋ ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነበርኩ። እየሳቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ስልኬ ሲጠራም እየሳቅኩ ነው ያነሳሁት። የደወለው የሥራ ጓደኛህ ሳቄን ሰምቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ያ ዝምታ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከተወለድኩ ጀምሮ አንድ ብርድ ልብስ። አንተ ስታስል የምነቃው እኔ ነኝ። አንተ ስትወድቅ ግን አንዲት ፀጉሬ አልቆመችም።

ወይ ሰውን ከሰው የሚያያይዝ ክር የሚባል ነገር የለም፤ ወይ አለ፣ የኔ ብቻ ተበጥሷል። የትኛው እንደሚሻል ንገረኝ።

ቢኒ ዛሬም መጥቶ ነበር። ተኝቷል በሉት አልኩ። እሱን ካየሁት ያን ሳቅ እሰማለሁ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

እማዬ ደወለች። በቪዲዮ።

አታውቅም። ሽማግሌዎቹ ወስነዋል። መርዶ ለብቻ አይነገርም አሉ ጋሽ ደረጀ። ሴትዮዋ ቤይሩት ሰው ቤት ውስጥ ብቻዋን ነች፤ በስልክ ሰምታ በረንዳ ላይ ብትቆም ማን ይይዛታል? እዚያ ያሉ የአገሯ ልጆች በእረፍት ቀኗ ተሰብስበው፣ በማለዳ ሄደው፣ ግራና ቀኝ ይዘው ይነግሯታል። እስከዚያ ፌስቡክ ላይ ፎቶህን የሚለጥፍ ወዮለት። አንተ ሐዋሳ ለሥራ ሄደሃል። ስልክህ ተሰርቋል።

ጥቁሩን አውልቄ ቀዩን ቲሸርትህን ለበስኩ። አክስቴ ካሜራው እንዳያሳያት መጋረጃው ጋ ሄዳ ቆመች።

እማዬ ሳቀች። ሰሞኑን ደስ ደስ ብሏት ነው የሰነበተችው፤ ምን እንደሆነ እንጃ። ልብስ ስትተኩስ ትዘፍናለች፤ ማዳሟ እንኳን ዘፋኝ ቀጠርኩ እንዴ ብላ ቀለደችባት። ለአንተ ጃኬት ገዝታለች። ወደ ካሜራው አስጠግታ አሳየችኝ፤ ሰማያዊ። ትከሻው ሰፍቷል ወይስ እንደ ድሮው ነው አለችኝ።

ሰፍቷል አልኩ።

ከዘጋች በኋላ ትራሱ ውስጥ ገብቼ ሳቅኩ። የእሷም ልብ አልነገራትም! ዘጠኝ ወር በሆዷ የያዘችህ፣ እየዘፈነች! ስለዚህ እኔ ብቻ አይደለሁም። ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀለለኝ። ከዚያ ገባኝ። የእናት ልብ ካልነገራት የማንም አይነግርም ማለት ነው። የአራሷም፣ የባለሱቁም፣ የውሻውም ከሬሳው በኋላ የተሰፋ ወሬ ነው። እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ቆዳ ውስጥ ተዘግቶበታል፤ የሚሰማውም የራሱን ብቻ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር። እማዬ ውስጥ አንተ አሁንም አለህ። ሐዋሳ ነህ፣ ትከሻህ ሰፍቷል፣ ስልክህ ስለተሰረቀ ተናደሃል። በዓለም ላይ የምትኖርበት የቀረህ ቦታ እሱ ብቻ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሄደው ከዚያም ያወጡሃል። ይሁን ያልኩትም እኔ ነኝ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ ት/ቤት፣ የእረፍት ሰዓት

ባዮሎጂ። የነርቭ ሥርዓት። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እጅ ሳሉ፤ ከጣት ተነስቶ ወደ አንጎል የሚሄድ መስመር። መስመሩ ቆዳው ላይ አበቃ። ከቆዳው ውጪ ምንም አልሳሉም።

እጄን አወጣሁ። ከአንዱ ሰው ነርቭ ወደ ሌላው የሚያልፍ ነገር አለ ወይ አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ “የኔ ከካፌው ጋር ተያይዟል ቲቸር፣ ሳምቡሳ ሲጠበስ ያመኛል!” አለ። መምህሩ አልሳቁም፤ ስላንተ ሰምተዋል። ዝግ ብለው የለም አሉ። ራሴን ቢያመኝ ልታዝንልኝ ትችላለህ፣ ልትታመምልኝ ግን አትችልም። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ ባዮሎጂ የሚያውቀው እስከዚህ ድረስ ነው ብለው ቾካቸውን አስቀመጡ።

ከጎኔ ያለችው ልጅ የብዕሯን ክዳን ትነክሳለች። ውስጧ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ውስጥ እንዳላትም የማውቀው ገምቼ ነው። ክፍሉ ሙሉ የተቆለፈ በር ነው። ወንበር ላይ የተደረደረ የተቆለፈ በር።

አንተም እንደዚያ ነበርክ? ጀርባህን ሰጥተህ ተኝተህ ሳለ? አውቅሃለሁ ብዬ ነበር እኮ። ስትናደድ ከእግርህ አጣጣል አውቅ ነበር። እግርህን ነው ያወቅኩት ማለት ነው?

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ ከሰዓት

የማለዳውን ልንገርህ።

ዛሬ ማለዳ እንደሚነገራት ትናንት ጋሽ ደረጀ ነገሩኝ። ቤይሩት ያሉት ሴቶች ቆርጠዋል። ሳይነጋ ነቃሁ። አልጋው ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን ያዝኩ። ቢያንስ ይህችን ሰዓት ከእሷ ጋር ልሁን፤ ያንተ አመለጠችኝ፣ የእሷ አታምልጠኝ አልኩ። ጸሎት ይሁን ምን እንደሆነ አላውቅም።

መጣ። ሳሚ ሙት፣ መጣ። ከደረቴ ተነስቶ ወደ ክንዴ። ትንፋሼ ቆመ። ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ተነገራት! አሁን ተነገራት! እያልኩ ጮህኩ። አክስቴ በስመ አብ እያለች ሮጣ መጥታ ጠበል ረጨችኝ። እያመመኝ ደስ አለኝ። አየህ፣ ክሩ አለ፤ የእማዬ ሕመም ባሕር ተሻግሮ እዚህ ልደታ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። ያንተ ለምን እንዳልደረሰ በኋላ አስብበታለሁ፤ ብቻ አለ።

ከምሳ በፊት ጋሽ ደረጀ ደረጃውን እያለከለኩ ወጡ። አልተነገራትም። ማዳሟ እንግዳ አለብኝ ብላ እረፍቷን ከልክላታለች። ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው ቆመው ተመለሱ። እኔ ወለሉ ላይ ስንከባለል እሷ ለእንግዳ ሩዝ ታማስል ነበር። ምናልባት እየዘፈነች።

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። “ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንደዚያ የጮህከው?”

ሆዴን ነው አልኩ።

ያ ሕመም የማን ነበር? ማንም አልላከውም። ራሴ ጋገርኩት፣ ራሴ በላሁት። ሕመሙ እውነት ነበር፣ መልእክቱ ውሸት። ከእንግዲህ የሚሰማኝን አንዱንም አላምንም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኅዳር ሲታጠን። ማቃጠል ተከልክሏል ይባላል፤ ጌጃ ሰፈር ግን ማንን ይሰማል። ሲነጋ ከኮሪደሩ ሆኜ አየሁ፤ በየደጁ የተጠራቀመው ቆሻሻ ይጨሳል፤ ከተማው በሽታውን ሊያስወጣ። ባለሱቁ ያስላል። አክስቴ ታስላለች። እኔም። ጭሱ አንድ ነው፣ በሁላችንም ሳንባ ገብቷል። ሳሉ ግን የየራሳችን ነው።

ከት/ቤት ወደ ቤት አልመጣሁም። ሜክሲኮ ሄድኩ። ሕንጻው ጋ። አንገቴን አቅንቼ ስድስተኛውን ፎቅ አየሁ። መስኮቱን ሌላ ሰው ገጥሞታል፤ መስታወቱ ደመና ያሳያል።

ልነግርህ የምፈልገው ይህ ነው። ስትወድቅ ምን እንደታየህ ማንም አያውቅም። ያየህ ሰው አለ፤ የጮኸ፣ የሮጠ አለ። ውስጡ ግን አንተ ብቻ ነበርክ። ሰማዩን አየህ ወይስ መሬቱን? ፈራህ? ጊዜ ነበረህ? ያቺ ቅጽበት የት ገባች? እኔ አጠገቡ የሌለሁበት፣ እማዬ የሌለችበት፣ አሁን ደግሞ አንተም የሌለህበት ነገር እንዴት ነበረ ይባላል?

ዘበኛው አንተ ልጅ ምን ታያለህ፣ ዕቃ ይወድቅብሃል፣ ዞር በል አለኝ። ወንድሜ እዚህ ነው የሞተው አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? ያን ቀን ልቡ ነግሮት ነበር። ጠዋት ሲነሳ ጀምሮ ከፍቶት ነበር።

ጥዬው ሄድኩ። እስከ ልደታ በእግሬ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ሥሩን፣ እያለቀስኩ። ሰው ሁሉ ያስል ስለነበር ዓይኔ ለምን እንደቀላ ማንም አልጠየቀኝም።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ተነገራት።

ሰዓቱን አትንገሩኝ ብዬ ለምኜ ነበር። ስለዚህ ተኝቼ ነበር። አፌን ከፍቼ፣ ለሃጬ ትራሱ ላይ። ምንም አልሰማሁም። ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ስልኩ ነው።

ከኋላዋ ሴቶች ያለቅሳሉ፤ ብዙ ናቸው፣ አረብ አገር ሳይሆን ጌጃ ሰፈር ይመስላል። የእሷን ድምፅ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ሳሚን አልጠራችም። እኔን ነው የጠራችው።

“ትከሻው ሰፍቷል አልከኝ! አንተ! ዳዊት! ምን ልብ አግኝተህ ነው ትከሻው ሰፍቷል ያልከኝ?”

ደጋገመችው። ሌላ ቃል አልነበራትም። አንዷ ስልኩን ቀማቻትና አይዞህ የኔ ልጅ፣ ከእሷ ጋር ነን፣ ይዘናታል አለችኝ። ይዘናታል። ጋሽ ደረጀ ያሉት እንደዚያው ሆነ፤ ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ሐዘን ሲካፈሉት ይቀላል ይላሉ። ማን መዘነው? ክንዷን ይይዛሉ እንጂ የያዛትን ነገር ማን ይይዝላታል?

አክስቴ ቁርስ አቀረበች። አልበላሁም። ሌላ የምጽፈው የለም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ማዳሟ አሁን ማታ ማታ እንድትደውል ፈቅዳላታለች። ትከሻውን አታነሳም። የምትጠይቀው ሌላ ነው። ማን አጠበው? ዝናብ ነበር? ልደታ ማርያም በየትኛው በኩል ነው የቀበራችሁት? ሬሳው ከቤት ሲወጣ ደረጃው ላይ እንዴት አዞሩት፣ ጠባብ ነው እኮ? እኔም እነግራታለሁ። ደረጃው ላይ አቁመው ነው ያዞሩት እማዬ። እኔ የማለቅስበት ቦታ እሷ ዝም ትላለች፤ እኔ ቶሎ የማልፈው ቦታ እሷ ትንሰቀሰቃለች። ለምን እዚያ ጋ እንደሆነ አይገባኝም። ታሪኩ አንድ ነው፤ የሚያቃጥለን ግን እዚህና እዚያ ነው።

ዛሬ ልትዘጋ ስትል ድምጿን ዝቅ አደረገች። ማንም እንዳይሰማት ይመስል። “ልቤ እንዴት አልነገረኝም ዳዊትዬ? እየዘፈንኩ ነበር እኮ። የማን እናት ነኝ እኔ?”

ሳሚ፣ ‘እኔም’ የምትል አንዲት ቃል ነበረችኝ። እኔም እማዬ፣ እየሳቅኩ ነበር። አላወጣኋትም። ከዘፈን ሳቅ ይብሳል ብዬ ነው መሰለኝ። ወይም እሷ ሩቅ ነበረች፣ እኔ ግን እዚሁ ቅርብህ። አይዞሽ አልኳት፤ እንደ ለቅሶ ደራሽ። እሺ አለችና ዘጋች።

አንድ ዓይነት ነገር እያቃጠለን ሁለታችንም ለየብቻ ተቀምጠናል። የቆለፈን ቆዳ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

አክስቴ ትናንት ሞጆ ተመለሰች። አርባህ ወጥቷል፤ ልጆቿ ይጠብቋታል። አብረን እንሂድ ብላ ለምናኝ ነበር። ት/ቤቴ እዚህ ነው አልኳት። ጋሽ ደረጀ ማታ ማታ በሩን ሊያንኳኩ፣ አራሷ ምሳ ልትልክልኝ ተስማምተዋል።

ስለዚህ ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ያደረግኩትን ልጻፍልህ።

አልጋው መሃል ላይ ተኝቼ ነበር የነቃሁት፤ መቼ ወደዚያ እንደሄድኩ አላውቅም። ሻይ ጣድኩ። ለአንድ ሰው ምን ያህል ውሃ እንደሚበቃ አላውቅም፣ በዛ። ምላሴን አቃጠለኝ። ኡፍ አልኩ። የሰማ የለም። ይህችን ቃጠሎ በዓለም ላይ የሚያውቃት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ብርጭቆውን ይዤ ደነገጥኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የዚያን ቀን ሳቅ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የሚያሳድደኝ፣ በምን እንደሆነ አላስታውስም። ድምፁ ብቻ ነው የቀረኝ። ምክንያቱ የለም። ጭንቅላቴን በረበርኩት፣ የለም።

አብሮኝ እዚያ የነበረ ሌላ ሰው ግን አለ።

ሻዩን ትቼ ወረድኩ። ጌጃ ሰፈር። የቢኒን በር በጡጫዬ መታሁት። የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ከፈተ። አየኝና ቀጥ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ት/ቤትም ስለምሸሸው፣ ፊት ለፊት አልተያየንም። ሰላም አላልኩትም። ያን ቀን በምን ነበር የሳቅነው አልኩት።

አረፋውን ተፋ። “ምን?”

ደገምኩለት።

“አታስታውስም እንዴ? አንተ ነህ እኮ ያሳቅከን! አራት ጎል ገብቶብህ፣ ተናደህ ተነሳህ፤ ቲቪው ፊት ቆምክ። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ፣ አውራ ጣትህን ቀስረህ፣ ልክ እንደ ሳሚ መስኮት ሲለካ። በአፍንጫህም እንደ ሳሚ፦ ‘ይሄ ነገር ጠማማ ነው! ማነው የገጠመው?’ አልክ። ባለቤቱ ሳይቀር ወንበሩን ይዞ ወደቀ። ‘ድገመው!’ አሉህ፣ ደገምከው። ከዚያ ስልክህ...”

አረፋው አገጩ ላይ ደርቋል። እኔም ከዚያ ወዲህ ጆይስቲክ አልነካሁም አለ፤ መሬት መሬቱን እያየ።

እናቱ ከውስጥ ማነው አሉ። ዳዊት ነው ሲላቸው ወጥተው ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። ፍርፍር በላሁ። ቢኒ አጠገቤ ተቀምጦ ከኔ ትሪ ይበላል።

ሳሚ፣ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ቢኒን ታውቀዋለህ፤ ት/ቤት ላለመምጣት አያቱን ስንት ጊዜ እንደገደላት። ደጃፉ ላይ ቆሞ ለኔ ሲል እዚያው ፈጥሮት ሊሆን ይችላል። ፊቱን ደጋግሜ አየሁት። ፊት ነው። ከፊት ጀርባ ገብቶ ማየት አይቻልም፣ ይህን አሁን አውቄያለሁ። የኔም ትዝታ አይመሰክርለትም። እውነት ከሆነ ደግሞ፣ አንተ ስትወድቅ እኔ አንተን ሆኜ ቆሜ ነበር። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ።

ልቤ ነግሮኝ አይደለም። ቁጭ ብዬ አስቤ ነው፦ አምኜዋለሁ። ዛሬ ማታ እማዬ ስትደውል፣ እሷ ስትዘፍን እኔም እየሳቅኩ እንደነበር እነግራታለሁ፤ እንደ ማን ሆኜ እንደነበርም።